ኑግ የጠጣው ሥዕል

አቃቂ ውስጥ ከነበሩት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ ግብር በሚከፈልበትና አቤቱታ በሚሰማበት አዳራሽ ውስጥ፣ አንድ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው፤ ብጠራው የሚጠቀም ሰው አይታየኝም። ሥዕሉ ግን ስም አልነበረውም፤ ሰዉ “ሥዕላችን” ብቻ ነበር የሚለው። ስለዚህ ስለ እሱ እንደ ልቤ ላወራ እችላለሁ።

የተሳለው እዚያው አቃቂ በተሸመነ አቡጀዲ ላይ ነው። ቁመቱ ከሰው ይበልጣል፤ ወርዱ ጋሪ ያህላል። በላዩ ላይ ያለችው ራሷ ከተማዋ ናት። ወንዙ አለ፣ ድልድዩ አለ፣ ጭሱን እየተፋ የሚመጣ ባቡር አለ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር ላይ ምሳቸውን በጨርቅ ቋጥረው የተሰለፉ ሴት ሠራተኞች አሉ። በስተግራ ጥጉ ላይ ሁለት ቀይ በሬዎች ያርሳሉ። መሐል ላይ አንድ ሹም ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ወረቀት ይዞ ተቀምጧል። የሣሉት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ስለነበሩ ሰዉን ሁሉ ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኑን እንዳፈጠጠ ነው ያቆሙት። በእነሱ ሥራ ሁለት ዓይኑ የሚታይ ሰው ደግ ነው፤ በአንድ ዓይን ብቻ የሚሣለው ሰይጣን ነው፣ ወይም ከሰይጣን ጋር የሚውል። በእኛ ሥዕል ላይ ባለ አንድ ዓይን አልነበረም። አንድ ቀልደኛ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ግብር ሊከፍል በመጣ ቁጥር፣ “አቃቂን እንዲህ ሁሉንም ሰው ደግ አድርጎ የሣለ ሰው እዚህ አንድ ቀን አላደረም” ይል ነበር።

የተሠራው አዳራሹ ሲመረቅ ነው፤ የከተማው ሰው አዋጥቶ አሠራው አሉ። በኋላ መንግሥት ተረከበውና ከጀርባው እንደ ወንበሮቹና እንደ መደርደሪያዎቹ የንብረት ቁጥር ተጻፈበት። ቁጥሩ ሲጻፍበት እንዲጠብቀው የተመደበ ሰው ግን የለም። ሥዕሉን የሚጠብቁት በራሳቸው ፈቃድ የግቢው ዘበኛ ነበሩ።

ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ናቸው። ከአገሬው የጥንት ገበሬዎች ወገን ሲሆኑ፣ ፋብሪካው የቆመበት መሬት ድሮ የአባታቸው እርሻ ነበር። በግራ ጥግ ያለውን ማሳ ሠዓሊው የሣሉት እሳቸውን ጠይቀው ነው ይባላል። ስለ መሬቱ ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም፤ የሚያነሱት ስለ በሬዎቹ ነበር። “የግራው ሰነፍ ነው፤ ሠዓሊው አውቆበት ነው አንገቱን ያስደፋው” ይሉ ነበር። ከሚስታቸው ጋር የሚኖሩት እዚያው ግቢ፣ ከበሩ አጠገብ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነው። ክፍሏ ከሥራው ጋር የመጣች ናት፤ ሥራው ከሄደ አብራ ትሄዳለች።

እኔ ያን ጊዜ ከጉራጌ አገር የመጣሁ ሱቅ በደረቴ ነበርኩ። መርፌ፣ ማበጠሪያ፣ የኪስ መስታወት፣ ክር በሳጥን አድርጌ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ እዞራለሁ። ሌላው ዘበኛ ሁሉ ሱቅ በደረቴ ሲያይ ዱላውን ያነሳል። እሳቸው ዝናብ ሲመጣ በረንዳውን በአገጫቸው ያሳዩኝ ነበር። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ቆሜ አንገቴን ወደ አዳራሹ ሳሰግግ አዩኝ።

“ምን ጉዳይ አለህ?”

“ምንም አባባ። ሥዕሉን ባየው ብዬ ነው።”

“ታዲያ እሱ ጉዳይ አይደለም? ግባ። ሳጥንህን እዚህ አስቀምጥ። እጅህን ወደ ኋላ አድርግ።”

እጅን ወደ ኋላ ማድረግ የእሳቸው ሕግ ነበር። ባላገር ቢመጣ፣ የፋብሪካ ኃላፊ ቢመጣ፣ ሥዕሉ ፊት የቆመ ሁሉ እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል። “እጅ ላብ አለው” ነው ምክንያቱ። በየማለዳው በአውራ ዶሮ ላባ አቧራውን ያራግፉለታል። ክረምት ላይ ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ይደቅናሉ። አንድ ጸሐፊ ኮቱን ፍሬሙ ጫፍ ላይ ሲሰቅል አይተው፣ ኮቱን አውርደው ራሳቸው ለብሰውት እስከ ምሳ ድረስ በር ላይ ቆሙ አሉ። ሁለተኛ የሰቀለ የለም።

ሥዕሉን አይተው የሚወጡ ሰዎች እኔን በረንዳው ላይ ያገኙኛል። አንዱ “የልጄን ፎቶ እንደዚያ በእንጨት የሚያስርልኝ ሰው ታውቃለህ?” አለኝ። አውቃለሁ አልኩት፤ አላውቅም ነበር፤ ሄጄ አንድ አናጢ ፈለግሁ። ሌላውም ጠየቀ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሳጥኑን ከአንገቴ አውርጄ የፍሬምና የመስታወት ሱቅ ከፈትኩ። ሰው እንዴት ነጋዴ ሆንክ ሲለኝ ስለ ብልጠቴ ብዙ እናገራለሁ። እውነቱ ግን አንድ ዘበኛ ዱላቸውን ሳያነሱ መቅረታቸው ነው።

ታሪኩ የሆነው ነፋስ በሚነሳበት ወር፣ የካቲት አካባቢ ነው። ከበላይ አንድ ትልቅ እንግዳ ሊጎበኙ ይመጣሉ ተብሎ ግቢው ታመሰ። ድንጋዩ ሁሉ ኖራ ተቀባ፤ የማይነበበው ሰሌዳ እንደገና ተጻፈ። እኔም የተሰበረ የበር መስታወት እንድገጥም ታዝዤ አንድ ማለዳ መስታወቴን ተሸክሜ ሄድኩ።

ስገባ ሽማግሌው ሥዕሉ ፊት ቆመዋል። ላባው በእጃቸው አለ፤ ግን አያራግፉም። ቀና ብዬ ሳይ ሥዕሉ ጠጉር አብቅሏል። ሌላ ቃል የለኝም። ባቡሩ ነጭ ጋቢ የለበሰ መስሏል። የፋብሪካው ሴቶች ጢም አውጥተዋል። ሁለቱ በሬዎች በግ ሆነዋል።

“አባባ! ምን ነካው?”

“ኑግ ቀባሁት።”

“ምን?”

“ኑግ። የኑግ ዘይት። ደርቆ ሲሰነጣጠቅ አየሁታ! የቀንበር ጠፍር ሲደርቅ በምንድን ነው የምናለሰልሰው? ትናንት ቀብቼው እንዴት እንዳማረ ብታይ! በሬዎቹ ከወንዝ የወጡ መስለው ነበር። ከዚያ ሽታው እንግዳውን እንዳያውካቸው ብዬ መስኮቱን ከፍቼ ተኛሁ።”

መስኮቱ የሚያየው ወደ ፋብሪካው ነው። አቃቂን የማያውቅ ሰው ይህን ላይረዳ ይችላል። ነፋስ ሲነሳ ከፋብሪካው የሚወጣው የጥጥ ብናኝ ከተማው ላይ ይዘንባል፤ ሁላችንም በጠጉራችንና በቅንድባችን ይዘነው እንዞራለን፤ አራግፈን እንገባለን። ኑግ የጠጣ ሥዕል ግን ማራገፍ አይችልም። ሌሊቱን ሙሉ የመጣለትን ሁሉ ሲቀበል አድሯል።

“በላባው ሞከሩት?”

“ሞከርኩ። ላባውም እዚያው ቀረ።” አሳዩኝ፤ እውነትም ከባቡሩ ጭስ ላይ ሁለት ቀይ ላባ ተለጥፏል።

ይኼኔ ሹሙ ገባ። አዲስ የተሾመ፣ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ፣ ቡናማ ሙሉ ልብስ የማይለየው ሰው ነው። ክፉ አልነበረም። ወንበሩ ገና ስላልሞቀለት በሁሉም ነገር ይደነግጣል።

“ይህ ምንድን ነው? በረዶ ነው?”

ሽማግሌው ለእኔ እንደነገሩኝ አድርገው ነገሩት፤ አንድም አልቀነሱም። ቢዋሹ ይሻል ነበር ብዬ በልቤ አዘንኩባቸው።

“ሽማግሌው፣ ይህ እኮ የመንግሥት ንብረት ነው። ቁጥር አለው!”

“አውቃለሁ ጌታዬ። የሕዝብ ነው።”

“የሕዝብ ከሆነ ሕዝቡ ነው ኑግ ይቀቡልኝ ያለዎት?”

 ሹሙ አዳራሹን ሁለት ጊዜ ዞረ። ከዚያ ቆመና፣ ድምፁን ሳይጨምር፣ “እንግዳው እሑድ እዚህ ይቆማሉ። ይህ ሥዕል እንደነበረው ካልሆነ ሰኞ ሌላ ዘበኛ አስገባለሁ። ክፍሉንም ይለቃሉ። ምን ላድርግ? እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?” አለ።

“እኔም ይህንኑ አደርጋለሁ፣ ጌታዬ” አሉ ሽማግሌው። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት መርዳት ይቻላል!

ሹሙ “ሥዕሉ ለጊዜው ዕቃ ግምጃ ቤት ይግባ” ሲል ዕቃ ግምጃ ቤቱን ስለማውቀው ደነገጥኩ። እዚያ የገባ ነገር ሲወጣ ያየ የለም። “ጌታዬ፣ እኔ ሱቅ ወስጄ ላጽዳው” አልኩ።

“ትችላለህ?”

“ሥራዬ ነው” አልኩ። ሥራዬ አልነበረም፤ ሥራዬ ፍሬም ነው። ግን ነጋዴ ትችላለህ ወይ ሲባል መጀመሪያ እችላለሁ ይላል፤ ማሰቡ በኋላ ነው።

ጋሪ ጠራሁ። ተጨማሪ ጥጥ እንዳያርፍበት ከፍ ባሉ ቋሚዎች ላይ ጋቢ ወጠርንበት። ሽማግሌው የዘበኝነት ጠመንጃቸውን በትከሻቸው አድርገው፣ አንገታቸውን ደፍተው ከጋሪው ጎን ተራመዱ። ይህ ከሩቅ ምን እንደሚመስል ያሰበ አልነበረም። ከመሥሪያ ቤቱ በር እንደወጣን አንድ ሰው ባርኔጣውን አወለቀ። ሱቅ በር ላይ የተቀመጡት ተነሡ። ገበያ የምትሄድ አንዲት ሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ተከተለችን፤ እሷን ያዩ ሌሎች ጨመሩ። ጋሪ ነጂው ሳይነገረው ፈረሱን ቀስ አድርጎ ነዳ።

“ማን ነው የሞተው?” አለ አንዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ።

“ማንም አልሞተም። ሥዕላችን ነው።”

“እግዚኦ! ሥዕላችን ምን ሆነ?”

ይህን ጥያቄ እንዴት አድርጌ ልመልስ? “ታሞ ነው” አልኩት። ሱቄ በር ስንደርስ ተከትሎን የመጣው ሰው አልተበተነም፤ እንደ በሽተኛ ጠያቂ እየተፈራረቀ በር ላይ ይቀመጥ ጀመር። ሽማግሌው ከመካከላቸው ወደ ሱቁ የሚገባውን ሁሉ፣ እዚህም ቢሆን፣ እጁን ወደ ኋላ አስደረጉት።

እንዴት እንደሚጸዳ ማሰብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ሱቄ ውስጥ ቀለም ማቅጠኛ አኳራጅ ነበረኝ፤ ዘይቱን ይፈታል፤ ግን ቀለሙንም አብሮ ይፈታልና ተውኩት። ከዚያ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ያየሁት ነገር ትዝ አለኝ። ባለ ፎቶ ቤቱ የቆሸሸ ፎቶ ሲመጣለት የዳቦ ለስላሳ ውስጡን እያድቦለቦለ ያንከባልልበት ነበር። ከፉርኖ ቤት ትኩስ ያልሆነ፣ ያልደረቀም ዳቦ አምጥቼ ከዳር፣ ሰማዩ ላይ ሞከርኩት። ጥጡ ከዳቦው ጋር ተያይዞ ተነሳ። ሰማዩ ሰማያዊ ሆነ።

 ሽማግሌው ጠመንጃቸውን ግድግዳ አስደግፈው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ዳቦ ይጎርሱ ይመስል አንድ ትልቅ ቁራሽ አነሱ።

ተካፈልነው። እሳቸው ከበሬዎቹ ጀመሩ፤ እኔ ከባቡሩ። በጣትህ የዳቦ ኳስ ታንከባልላለህ፣ ትጥላለህ፣ ሌላ ትወስዳለህ። ሚስታቸው ምሳ ይዘው መጥተው መሬቱን በዳቦ ፍርፋሪ ተሸፍኖ ሲያዩ አማተቡ፤ “ይህን ያህል ዳቦ ለሥዕል! እኛንስ ማን ያብላን?” ብለው ተቀምጠው አገዙን። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመለሰ፤ በጎቹ በሬ ሆኑ፣ ሴቶቹ ጢማቸው ወለቀ። የቀረው መሐል ያለው ሹም ነበር። ሦስታችንም እሱ ላይ ሠፈርን። ቸኮልን፣ ደስም ብሎን ነበር።

ቀና ብለን ስናየው ሹሙ አንድ ዓይን የለውም።

ኑጉ ቀለሙን አለስልሶት ኖሮ የግራ ዓይኑ ከነብሌኑ ከዳቦው ጋር ተነሥቷል። የማን እጅ እንደነበረ ሦስታችንም አልተስማማንም። ቦታው ነጭ ሆኖ ቀረ። አንድ ዓይን ያለው ሹም፣ በአንድ ዓይኑ አፍጥጦ፣ ከሕዝቡ ወረቀት ይቀበላል።

“አባቴ ድረሱ!” አሉ ሚስታቸው። “ሹሙን ሰይጣን አደረግነው።”

ይህ የማይታይ ነገር ቢሆን ኖሮ ባልጨነቀኝ። አቃቂ ውስጥ ግን ሥዕል ላይ ባለ አንድ ዓይን ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። እሑድ ዕለት ደግሞ እውነተኛው ሹም ቡናማ ልብሱን ለብሶ እንግዳውን ይዞ ልክ ከዚያ በታች ይቆማል። በር ላይ የተቀመጠው ሰው አንገቱን አስግጎ አየና ሳቁን ሊውጥ ሲል አነቀው። አንዱ፣ “አሁን ነው አቃቂን የመሰለው” አለ።

እኔ የበር ቀለም አንሥቼ አንዲት ነጥብ ጣል ላደርግበት ነበር። ሽማግሌው እጄን ያዙት።

“ዓይን መሣል ሥዕሉን የጀመረው ሰው ሥራ ነው። አንተና እኔ አንነካም።”

“አባባ፣ እሑድ ነገ ወዲያ ነው። ክፍሉ ይሄዳል እኮ።”

“ይሂዳ። ሌላ ሰው የሠራው ዓይን ሁልጊዜ ያስታውቃል። ሰው ሁሉ ያየዋል። እኔስ ክፍል አገኛለሁ፤ ሥዕሉ ሌላ ፊት የት ያገኛል?”

ሚስታቸው ወደ እሳቸው የተመለከቱትን አመለካከት አልረሳውም። ክፍሏ የእሳቸውም ናት። ከዚያ የዳቦውን ፍርፋሪ መጥረግ ጀመሩ።

በማግሥቱ በማለዳው ባቡር ለገሃር ወርጄ፣ ከዚያ በትንሿ ሴቼንቶ ታክሲ ሽቅብ ወጥቼ፣ ከአንድ ደብር ግቢ ጀርባ ሠዓሊውን አገኘኋቸው። ጥምጥማቸው ላይ ቀለም የነካ፣ ዓይናቸው እንደ ሥዕላቸው የሚያፈጥ ሰው ናቸው። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልነካ ስል፣

“ተነሥ፤ ተነሥ። የማን ነህ? ምን ሰበርክ?” አሉኝ።

“እኔ አልሰበርኩም፣ አባታችን። የአቃቂው ሥዕል...”

“ሸጡት?”

“የለም።”

“ለበር አሳጥረው ቆረጡት?”

“የለም፤ ኧረ የለም።”

“ታዲያ ምን ቀረ?” አሉ። በየመሥሪያ ቤቱ የሠሯቸውን ሥዕሎች አንድ ባንድ ነገሩኝ። አንዱ ላይ መብራት ሲገባ ሽቦ አልፎበታል። ሌላው አዲስ ቁም ሳጥን ሲመጣ ግማሹ ተሸፍኗል፤ ከቅዱሱ ራሱ ብቻ ነው የሚታየው። ሌላው የት እንደደረሰ አይታወቅም። ሲጨርሱ፣ “በል የአቃቂውን ንገረኝ” አሉ።

ነገርኳቸው። የዘበኛውን ኑግ፣ የመስኮቱን፣ የጥጡን፣ የዳቦውን፣ የዓይኑን። እኔ እስክጨርስ አልሳቁም። ከዚያ ብሩሻቸውን አስቀመጡ።

“ደረቀብኝ ብሎ ነው የቀባው?”

“አዎ። እንደ ቀንበር ጠፍር።”

“ይህን ሁሉ ዘመን ስሠራ፣ ሥዕልህ ደረቀ ብሎ ያዘነልኝ የመጀመሪያው ሰው ነው።” ከዚያ ሳቁ፤ ሳቃቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። “እንኳን ቅቤ አልቀባው! አይጥ ይበላብኝ ነበር። በል ያንን ቋጠሮ ያዝልኝ።” ስለ ዋጋ አንድም አላነሡም። እኔም አላነሣሁም፤ ይህን ያህል ነጋዴ ነኝ።

ሱቄ ስንደርስ በር ላይ የነበሩት ሁሉ ተነሥተው መንገድ ለቀቁላቸው። ሽማግሌው ጥግ ላይ ቆመው ነበር፤ እንደ ተከሳሽ። ሠዓሊው ወደ ሥዕሉ ተጠግተው አሸተቱት፤ በጣታቸው ጫፍ ነኩት። ሽማግሌው ሳያስቡት “እጅዎን...” ብለው ጀመሩና ዋጡት። ሠዓሊው ሰምተዋል። እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ።

ከዚያ ተቀምጠው ዓይኑን ሠሩ።  አዲሱ ዓይን ከድሮው ትንሽ ሰፋ ይላል፤ ወደ በሩ ያያል። “የድሮው ሹም ነበር ያዘዘኝ፤ እሱ ዓይኑ ጠባብ ነበር” አሉ ሠዓሊው፤ “ይሄኛው የሚመጣውን ሰው ይይ።”

እኔ አለቀ ብዬ ጋሪ ልጠራ ስል ሠዓሊው አስቆሙኝ። ዘይቱ ቶሎ አይደርቅም፤ ኑግ በጊዜው ይደርቃል፣ ከደረቀ በኋላም ቀለሙን አይጎዳም፤ እስከዚያ ግን አቧራ ሊያየው አይገባም። በዚያ አዳራሽ ከዋለ፣ መስኮቱ ቢዘጋ እንኳ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ጥጡ ይመለሳል።

“እንግዲያው እሑድ አይሰቀልም ማለት ነው” አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ውስጥ ክፍሏ ነበረች።

“ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ሥዕል በምን ነው የሚቀመጠው?” አሏቸው ሠዓሊው።

 የመለሱት ሚስታቸው ናቸው፤ “በመጋረጃ ነዋ!”

“በመጋረጃ። ሰው ሲመጣ ይገለጣል፤ ሲሄድ ይሸፈናል። የመንግሥት ሥዕል ስለሆነ ብርድ አይመታውም ያለው ማን ነው?”

ከጎረቤቴ ከስልጤው ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ቀይ ጨርቅ አመጣሁ። የማን ሥዕል እንደሆነ ስነግረው ጨርቁን ሲለካ ክንዱን ከወትሮው ዘረጋ አደረገው፤ ይህን ከእሱ አይቼ አላውቅም ነበር። ሚስታቸው ቀለበት ሰፉበት፤ እኔ ዘንግና ገመድ አበጀሁ። አንድ ችግር ነበረው። ገመዱን እንዲሁ ከሳብከው ጨርቁ ይነፋና እርጥቡ ዘይት ላይ ይለጠፋል። ሽማግሌው ዘዴውን አገኙት፤ በግራ እጃቸው ጨርቁን ከሥዕሉ ራቅ አድርገው ይይዛሉ፣ በቀኛቸው ገመዱን በዝግታ ይስባሉ፣ አብረውም ወደ ጎን ይራመዳሉ። እኔ ሞከርኩ፤ ለጠፍኩት። ሠዓሊው ሞከሩ፤ ለጠፉት።

በዚያው ማታ ሥዕሉን ከነመጋረጃው መልሰን አዳራሹ ውስጥ ሰቀልነው፤ እሑድ እንግዳው መጡ። እኔ የበር መስታወት የገጠመ ሰው ነኝ በሚል ምክንያት ከኋላ ቆሜያለሁ። ሹሙ መጋረጃውን ሲያይ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ቀጥሎ ግን ደስ አለው፤ የተዘጋጀ ነገር ይመስላል። በእንግዳው ፊት ሹሙ ራሱ በኩራት ገመዱን ያዘ።  አንዴ ሳበው፤ ጨርቁ ተነፋና ተለጠፈ። ደግሞ ሊስብ ሲል ቀዩ ጨርቅ ልክ በሥዕሉ ሹም ፊት ላይ ተጣብቆ አልነቃነቅ አለ። አዳራሹ በሙሉ የእውነተኛው ሹም ጆሮ ሲቀላ አየ።

ሽማግሌው ጠመንጃቸውን ለእኔ አቀበሉኝ። ከዚያ በፊት ጠመንጃ ይዤ አላውቅም። ወደፊት ሄደው፣ እጅ ነሥተው፣ ጨርቁን በግራ እጃቸው ቀስ አድርገው አላቀቁት፤ ገመዱን ያዙ፤ ተራመዱ። ወንዙ ወጣ፣ ባቡሩ ወጣ፣ ሴቶቹ ወጡ፣ ሹሙ በሁለት ዓይኑ ወጣ። ዘይቱ ገና ስለነበረበት ሁሉም ነገር ያበራል።

እንግዳው ወደ ሥዕሉ ጠጋ አሉ። “ይህ የዛሬው ወንዝ ነው?” ሲሉ የመለሱት ሽማግሌው ናቸው፤ ከወንዙ ወደ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ወደ ማሳው ወሰዷቸው። በመጨረሻ እንግዳው ወደ ሹሙ ዞረው፣ “በየሄድኩበት ሥዕል አያለሁ፤ አብዛኛው የዝንብ ማረፊያ ነው። መጋረጃ ያለው እዚህ ብቻ ነው። ጥሩ ነው” ብለው ወደ ምሳው አለፉ። ያ ሁሉ ዳቦ፣ ያ ሁሉ ዓይን፣ የተመሰገነው መጋረጃው ነው። በኋላ ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች የመጋረጃ ዘንግ ትእዛዝ መጣልኝ፤ ስለዚህ እንግዳውን በአስተያየታቸው አልወቅሳቸውም።

ግን ሹሙ ለሽማግሌው ምንም ሳይል ነበር እንግዳውን ተከትሎ የወጣው።

ሰኞ ማለዳ ግቢው በር ላይ ስደርስ የቆርቆሮዋ ክፍል ባዶ ነበረች። አልጋው፣ ሣጥኑ፣ ማሰሮው ውጭ ተደርድሯል፤ ሚስታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ቀድመውኝ ሌሎች ጎረቤቶች ዕቃ ሲያወጡ አግዘው ሄደዋል፤ እኔ የቀረውን አንድ በርሜል አወጣሁ።

“አባባ፣ ማን ውጡ አለዎት?”

“እንደነበረው ካልሆነ ሰኞ ብሎኛል። ሰኞ ነው። እንደነበረው ነው ወይ? ዓይኑ ሌላ ነው፣ ዘይቱ አለ፣ መጋረጃ አለው። ሰውየው ቃሉን ተናግሯል፤ እኔም ሰምቻለሁ።”

ልለምናቸው ስል ሹሙ መጣ። ዕቃውን አየ። አልጋውን፣ ሣጥኑን፣ ማሰሮውን፣ አንድ ባንድ።  ከዚያ ወደ አዳራሹ በአገጩ አመለከተ፤ ግብር ከፋዮች በር ላይ ተሰልፈው ቆመዋል።

“ሽማግሌው፣ ሰው መጥቶ ቆሟል። መጋረጃው እስካሁን ለምን አልተከፈተም?”

ሽማግሌው እኔን አዩኝ፤ ሹሙን አዩ። ጠመንጃቸውን አስተካክለው ሳይቸኩሉ ወደ አዳራሹ ገቡ። ሹሙ ተከትሏቸው ገባ። ከውስጥ የቀለበቶቹ ድምፅ ሲንቀሳቀስ ተሰማኝ፤ ቀስ ብሎ።

ለእኔ ዱላ ያላነሡ ሰው ዱላ ሳይነሣባቸው ቀረ ብዬ በደስታ የማደርገውን አጣሁ። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር መሰለኝ፣ ሚስታቸው ከአልጋው ላይ ተነሥተው አንዱን ጫፍ ያዙልኝ።

“ና አንሣ እንጂ ልጄ፤ ምን ትገተራለህ? ይህ አልጋ ሲወጣ አልነበርክም፤ ሲገባ እንኳ ድረስልን!”